በቢፍቱ የቀናሁበት ጥቅምት

ሰው ሁሉ ግራዋ ሲሸተው ጠላ ትዝ ይለዋል። እኔ ትዝ የሚለኝ ቅናት ነው። ባለፈው ሰሞን አከራዬ ለልጃቸው ሰርግ ጋን በግራዋ ሲያሹ ከሥራ ገባሁና በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያ መራራ ቅጠል ሲታሽ የሚያወጣው ሽታ አፍንጫዬን አልፎ ሆዴ ገባ። «ምነው ሙና፣ አመመሽ እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ ደህና ነኝ» አልኳቸው። ምን ልበላቸው? ግራዋዎ በልጅነቴ በአንዲት ዓይነ ስውር ልጅ የቀናሁትን ቅናት ቀሰቀሰብኝ ይባላል?

እኛ ቤት ግራዋ የሚሸመጠጠው ለጋን ሳይሆን ለመጽሐፍ ነበር። ሰበታ፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከመኖሪያ ቤታችን ጋር የተያያዘ አንድ ሰፊ ክፍል ነበር፤ ከወለል እስከ ኮርኒስ መጽሐፍ። ግማሹ በኡርዱ፣ ግማሹ በፋርስኛ። ጠባቂው አያቴ ኦቦ ከሪም ናቸው። እኔ አባባ እላቸዋለሁ።

የአባባ አባት ህንድ ነበሩ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ሊተክሉ መጥተው፣ የሰበታ ልጅ አግብተው በዚያው ቀሩ። ሰፈሩ «ማስተር» ይላቸው ነበር። ደርግ የነጋዴውን ሱቅ ሲወርስ አዲስ አበባ የነበሩ ህንዶችና ፓኪስታኖች አገር ለቀው ሲወጡ፣ ከአባት ከአያት የወረሱትን መጽሐፍ በሻንጣ በሻንጣ እያመጡ «እስክንመለስ» ብለው ማስተር ዘንድ አስቀመጡ። የተመለሰ የለም። ማስተርም ሻንጣውን ፈትተው መደርደሪያ አሠሩለትና በሩን ለሰፈሩ ከፈቱት። እሳቸው ሲሞቱ አባባ ቀጠሉ። እሑድ ከሰዓት የፈለገ ሰው ይመጣል፤ አባባ አንድ ገጽ በፋርስኛ ያነቡና በኦሮምኛ፣ ከዚያ በአማርኛ ይተረጉማሉ። የቆርቆሮው በር ላይ በቀይ ቀለም «የህንዱ ቤተ መጻሕፍት» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ደግሞ የመጻሕፍቱ ባለቤቶች አንድ ቀን ከጅማ አውቶብስ ወርደው ሻንጣቸውን የሚጠይቁን ይመስለኝ ነበር። ሻንጣዎቹን የዶሮ ቤት እንዳደረግናቸው ምን ብለን እንደምንነግራቸው ያስጨንቀኝ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ የጥቅምት ፀሐይ ሲጠነክር መጻሕፍቱ ሁሉ ይወጣሉ። ግቢው ሰሌን ይነጠፍበትና እንደ በርበሬ ይሰጣሉ። ግራዋውን ለቅሞ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ የገጹን አቧራ በዶሮ ላባ ቀስ አድርጎ መጥረግ፣ የደረቀውን ቅጠል በየመሃሉ ማስገባት የእኔ ሥራ ነበር። ብል ግራዋ አይወድም። እኔም አልወድም፤ እጄ ስለሚመረኝ እንጀራ ስበላ እንኳ ይመረኝ ነበር። ግን ጥቅምትን እወዳለሁ። ምክንያቱም ስጡ ሲያልቅ የሚመጣ አንድ ቀን አለ።

ያን ቀን ሰፈሩ ይጠራል። ከመጻሕፍቱ ሁሉ የሚከበረው ትልቁ ዲዋን ይወጣል። ዲዋን ማለት የአንድ ገጣሚ ግጥሞች አንድ ላይ የተጠረዙበት መጽሐፍ ነው፤ የእኛው በእጅ የተጻፈ፣ በየገጹ ዳርና ዳር አበባ የተሳለበት ነበር። አንድ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ የትም ገጽ ላይ ይከፍተውና ጣቱን ያሳርፋል። አባባ ጣቱ ያረፈበትን ስንኝ ያነባሉ፤ ይተረጉማሉ፤ ሰፈሩም ያንን የዓመቱ ቃል ብሎ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመስጊዱ ሰዎች «ይሄ ነገር ጥንቆላ እንዳይሆን» ይላሉ፤ ይመጣሉ ግን። ባለ ሱቋ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ማተባቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ከፊት ይቀመጣሉ፤ «ለንስሐ አባቴ የነገረብኝን አልምረውም» ይላሉ።

የከፈተው ልጅ በአባባ ቀኝ ይቀመጣል፤ ስንኙም የእሱ ይሆናል። አባባ በፋርስኛ እስኪሸመድደው ያስጠኑታል፤ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ያንተን በል» ይባላል። አምና የአጎቴ ልጅ ፈይሰል ነበር። «አጮልቋል» ብለው አሙት እንጂ። ማንም የማያነበውን ጽሑፍ አጮልቆ ማየት ምን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁት እሱን ነው። ጫማዬ ከፈይሰል የዞረ፣ ቦርሳዬ ከእናቴ ፋብሪካ የተረፈ ጨርቅ፣ ደብተሬ እንኳ ግማሹ የተጻፈበት ነበር። አንድ የራሴ ስንኝ እንዲኖረኝ እፈልግ ነበር፤ ሌላ ምንም።

ያ ዓመት ደግሞ አዲስ አበባን ወደ እኛ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ግርግር ዓመት ነበር። ማስተር ፕላን ለእኔ ሰው ነበር። የአባባን አባት ማስተር ስለሚሏቸው እሱም የሆነ ዘመዳችን መሰለኝ። ትልልቆቹ «ማስተር ፕላኑ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ሊበላ ነው» ሲሉ ረጅም ኮት የለበሰ፣ ሆዱ የማይሞላ ሰውዬ በጅማ መንገድ ሲመጣ ይታየኝ ነበር። ቀርቷል ተባለ፤ ነገሩ ግን አልቀረም። ከመስቀል በኋላ ይባስ ብሎ ጦፈ። አስፋልቱ ላይ ጎማ ይቃጠላል፤ ሚኒባስ የለም፤ የፋብሪካው ጡሩምባ ጠዋት መጮኹን ተወ። ሰው ሬዲዮ ከፍቶ ይሰማል፤ ከዚያ ሬዲዮውን ዘግቶ በሹክሹክታ ያወራል።

ቢፍቱ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። እዚያው ከተማችን ባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አዳሪ ነበረች። አባቷ ኦቦ ዲሪባ መናገሻ አካባቢ ድንች የሚያመርቱ ገበሬ፣ የአባባም የቆየ ወዳጅ ናቸው። ተማሪዎች ወደየቤታችሁ ሲባሉ ኦቦ ዲሪባ መንገድ ተዘግቶባቸው መምጣት አልቻሉም። ስልክ ደውለው «መንገድ እስኪከፈት ከሪም ጋ ትሁንልኝ» አሉ። ከዚያ ስልኩም ተዘጋ። አባባ ራሳቸው ሄደው እጇን ይዘው አመጧት። ወይም እሷ አመጣቻቸው፤ ያን ጊዜ ማን ማንን እንደሚመራ ለማየት ልብ አላልኩም።

የእኔ እኩያ ናት፤ ቀጭን፣ ፀጉሯ ሹሩባ የተሠራ፣ ሰው ሲናገር ጆሮዋን እንጂ ፊቷን የማትመልስ። አልጋዬን ተካፈለችኝ። እንዳትወድቅ ተብሎ ግድግዳው በኩል ያለው የእኔ ቦታ ለእሷ ተሰጠ። እኔ ዳር ተኛሁ፤ እኔ ብወድቅ የሚጨነቅ አልነበረም። እንግዳ ሲሰነብት ከወርቅ ወደ ብር፣ ከብር ወደ መዳብ ይወርዳል ይባላል። ቢፍቱ ግን በሰነበተች ቁጥር ጭራሽ ወርቅነቷ ባሰ።

አባባ ጠዋት ጠዋት ሰሌኑ ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ ጭናቸው ላይ ያደርጉና አንድ ስንኝ ይላሉ፤ እሷ ትደግማለች። አንዴ ብቻ ሰምታ። ፋርስኛውን ከነዜማው፣ እንደ አባባ «ኸ»ን ከጉሮሮ እያወጣች። እኔ ያንኑ ስንኝ ክረምቱን ሙሉ ለፍቼበት መሃሉ ላይ ይጠፋኝ ነበር። «ሙኒ፣ ሰማሻት?» ይሉኛል ፊታቸው በርቶ። እሰማለሁ እንጂ። ላባዬን ይዤ፣ በአቧራ እያስነጠስኩ፣ እርር ድብን እያልኩ እሰማለሁ።

ከዚያ ደግሞ የሚያናድደኝ ጨዋታቸው ይመጣል። አባባ አንድ መጽሐፍ ያነሱና «ይሄስ?» ይሏታል። እሷ ታሸተዋለች፤ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ትዳስሰዋለች። «ይሄ ጥጉ የታኘከው ነው። የንጉሡ ታሪክ።» አባባ ይስቃሉ። «ይሄስ?» «ይሄ ለስላሳው፣ ቅመም የሚሸተው። የጉዞ ነው።» እያንዳንዱን ለይታ ስትጨርስ የእናቴን የልብስ ስፌት ክር ተቀብላ በየመጽሐፉ ጀርባ ላይኛው ጫፍ ላይ ታስርበታለች፤ አንዱ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ አንዱ ላይ ሁለት። ትልቁ ዲዋን ላይ ወፍራም ቀይ ክር አሰረችበት። ጌጥ መሰለኝ። እኔ ያንን ዲዋን ያለ ፈቃድ ነክቼው አላውቅም፤ እሷ እንደ ሙሽራ አስጌጠችው ብዬ ተቃጠልኩ።

«ልጅቷ እኮ አታይም፤ ምን አለ ብታዝኚላት?» አለችኝ እናቴ አንድ ቀን ፊቴ እንደጠቆረ አይታ። ማዘንስ አዝንላታለሁ። ሐዘንና ቅናት አንድ ሆድ ውስጥ ተስማምተው እንደሚያድሩ ያን ጥቅምት ነው የተማርኩት።

እሷም ብትሆን መልአክ አልነበረችም። አንድ ከሰዓት ሰሌኑ ላይ ጎን ለጎን ሆነን ግራዋ ስንሸመጥጥ «ሙና፣ ዲዋኑ ምን ይመስላል?» አለችኝ።

«ምንም አይመስልም። አሮጌ ወረቀት ነው።»

«ውሸታም። አበባ አለው። አያትሽ ነግረውኛል፤ ቀይና ሰማያዊ።»

«ካወቅሽው ታዲያ ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ትዋሺኝ እንደሆነ ልይ ብዬ» አለችና ሳቀች። ሳቋ ደስ ይል ነበር፤ ይሄም ራሱ አናደደኝ።

ስጡ ሊያልቅ ሲቃረብ አባባ የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎች ጠርተው ተማከሩ። ዘንድሮ ቢቀርስ ያሉ ነበሩ። «መንገዱ እንዲህ ሆኖ፣ ሰው እንዲህ ፈርቶ ምን ንባብ አለ?» አሉ። እትዬ አስካለ ተቆጡ። «ኧረ ዘንድሮ ነው እንጂ የሚያስፈልገን! ልጆቻችን ምን እንደሚሆኑ፣ መሬቱ ምን እንደሚሆን የሚነግረን ጠፍቷል። ይነበብ! ደግሞም እንዳምናው እንዳይታማ ይህቺ ልጅ ትክፈተው።» ወደ ቢፍቱ ጠቆሙ። «የምታጮልቅበት ዓይን የላት።»

ሁሉም «እውነት ነው» አሉ። አንድ ሽማግሌ «እንዲያውም አላህ ያመጣት ነች» አሉ። አባባን አየኋቸው። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ተራዬ ነው!» ጮኽኩ። ትልልቅ ሰው ሲመካከር ልጅ አይናገርም፤ ግን አፌ አመለጠኝ።

«አውቃለሁ ሙኒ» አሉ አባባ። «ዘንድሮን ለእሷ ተዪላት።»

«እኔም እጨፍናለሁ! በሻሽ እሰሩኝ፤ ድርብ አድርጋችሁ እሰሩኝ!»

ሳቁብኝ። ክፋት የለውም፤ በዚያ ሰሞን ሰው የሚስቅበት ነገር ጠፍቶ ነበር፤ እኔ ተገኘሁላቸው። ቢፍቱ ግን አልሳቀችም። እሷ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ የእናቴን ሻሽ ዓይኔ ላይ ጠምጥሜ ግቢው ውስጥ መለማመድ ጀመርኩ። ዓይን ሳይኖረኝ ከእሷ እኩል መሆኔን ላሳያቸው ነው። ከጓዳ እስከ መጻሕፍቱ ክፍል ልድረስ ብዬ ተነሳሁ፤ የልብስ ማስጫው እንጨት ግንባሬን አገኘው። «እግርሽን አትጎትቺ፣ አንሺው» የሚል የቢፍቱ ድምፅ መጣ። «እጅሽን ደግሞ ወደፊት ሳይሆን ወደ ጎን አድርጊ።» አስተማሪም ሆነችብኝ! ምክሯን አልሰማም ብዬ እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩና ከደረጃው ላይ ተዘረርኩ። ሻሹን ሳነሳ አባባ በሩ ላይ፣ ፊት ለፊቴ ቆመዋል። ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው «ማነው የወደቀው?» አሉ። እግራቸው ስር ተዘርሬ እኮ ነው! አባባ ከእሷ ሌላ የሚያዩት ሰው የለም ብዬ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የንባቡ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከፋብሪካዎቹ በኩል ግን ጥቁር ጭስ ይወጣል። ሰዉ ከወትሮው አነሰ፤ የመጣውም በሩ አጠገብ ነው የተቀመጠው። መጻሕፍቱ ገና ሰሌኑ ላይ ናቸው። እኔ በአባባ ግራ ተቀመጥኩ፤ ቀኙ የቢፍቱ ነው። ዲዋኑ ከተጠቀለለበት ጨርቅ ሊወጣ ሲል ከመንገዱ ጩኸት መጣ። እየቀረበ ሄደ። ከዚያ የቆርቆሮው በር በድንጋይ ተመታ።

«የህንዱ ይላል! የኢንቨስተር ነው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ያ ጽሑፍ በሩ ላይ ሲኖር ዕድሜ ልኩ ነው፤ አንድም ቀን አስፈርቶን አያውቅም። ያን ቀን ግን «ህንድ» ማለት ፋብሪካ ማለት ነበር፤ ፋብሪካ ማለት ደግሞ የተወሰደ መሬት። በሩ ተበረገደና ወጣቶች ገቡ። ጥቂቶቹ ዱላ ይዘዋል፤ አንዱ ጄሪካን። እናቴ ጎትታ ከኋላዋ አደረገችኝ። በግርግሩ ከአባባ በቀር የተቀመጠው ሁሉ ተነሳ፤ ዲዋኑ ከአባባ ጭን ወደቀ። ቢፍቱ በእጇ ፈልጋ አነሳችው። ቀዩ ክር ተበጥሶ ሰሌኑ ላይ ቀርቷል።

«ህንዱ የት አለ?» አለ ከፊት የመጣው ረጅም ልጅ።

አባባ ከተቀመጡበት አልተነሱም። «ኮታ ኢጆሌ፣ ኑ ልጆቼ፣ ተቀመጡ» አሉ። «ህንዱ አባቴ ነበሩ። እዚሁ ሰበታ ተቀብረዋል። የእናቴ ወገኖች ደግሞ እናንተው ናችሁ።»

ልጁ ሰሌኑ ላይ የተሰጡትን መጻሕፍት አየ። ፊቱ ተለወጠ። ከኋላው የነበረው አንዱ ጓደኛው እግሩን ከሰሌኑ ጫፍ አነሳና ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ቁርአን ነው?» አለ ረጅሙ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

አዎ ይበሉ፣ ያ ረቢ አዎ ይበሉ ብዬ ለመንኩ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለገው።

«አይደለም» አሉ አባባ። «ግጥም ነው።»

«ግጥም?» አለ ልጁ። «ሰው እየሞተ እናንተ ግጥም ታሰጣላችሁ?»

«ብል አድማ አያውቅ!» አሉ እትዬ አስካለ ከወደኋላ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቁጣው ግን የሱቃቸው ነው። «የዓመቱን ቃል ልናስነብብ ነው የተሰበሰብነው። አንተ የማን ልጅ ነህ ደግሞ? ጫማህን ከሰሌኑ ላይ አንሳና ቁጭ በል!»

ልጁ እግሩን አነሳ። ጓደኞቹን አየ፤ አባባን አየ። «እንግዲያው ለእኛም ይነበብልን» አለ። «ለፍቲ ኬኛ፣ መሬታችን ምን እንደሚሆን ይንገረን።» ጄሪካኑን የያዘው ግን አላስቀመጠውም። ደጃፉ ላይ እንደቆመ ቀረ።

ቢፍቱ ዲዋኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተችው፤ ጣቷን አሳረፈች። ከዚያ ከነ ጣቷ ወደ አባባ አዞረችው። አባባ ተቀበሏትና ጣቷ የነበረበትን ቦታ በራሳቸው ጣት ያዙት። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ማንበብ ጀመሩ። ፋርስኛው ግቢውን ሞላው። እኔም በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል ከእናቴ ጀርባ ብቅ ብዬ ጣቷ አርፎበት የነበረውን ቦታ አየሁ፤ የእኔ ጣት ማረፍ የነበረበትን ቦታ። ከዚያ ዓይኔ ወደ መላው ገጽ ተሻገረ።

በገጹ ዳር ያሉት አበቦች ግንዳቸው ወደ ላይ ነበር።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ፊደሎቹን አየሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ መድረሳ ስለምሄድ ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ ከላይ መሆን ያለባቸው ነጥቦች ከታች ናቸው፤ ከታች ያሉት ከላይ። መጽሐፉ ተገልብጧል። አባባ ግን ያነባሉ። ጣታቸው ሳይቸገር ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። በግቢው ውስጥ ይህን የሚያይ ሌላ ሰው የለም፤ ሌላው ራቅ ብሎ በሩ አጠገብ ነው፤ እናቴ ዓይኗን ከዱላዎቹ ላይ አላነሳችም፤ ቢፍቱ አታይም።

አባባ ስንኙን ጨርሰው በኦሮምኛ ተረጎሙት፤ ከዚያ በአማርኛ። «አጥሩን ሊያርቅ የመጣው ሰው አትክልቱን አሰፋሁት አለ፤ ጽጌረዳዋ ግን ሥሬን ወዴት ልውሰደው ብላ ጠየቀች።»

በሩ ላይ የቆመው ጄሪካኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ከሴቶቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

«ማነው የጻፈው?» አለ ረጅሙ ልጅ።

«ፋርስ አገር የነበረ ሰው ነው። ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው።»

«ያኔም ማስተር ፕላን ነበራ!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ረጅሙ ግን አልሳቀም። «እኔ ቁርአን ቀርቻለሁ፤ ፊደሉን አውቀዋለሁ» አለ። «የቱ ጋ እንዳለ እስቲ ልየው።» ጫማውን አወለቀና በሰሌኑ ላይ ወደ እኛ መጣ።

አባባ አልተንቀሳቀሱም። ምንም የሚፈሩት ነገር እንዳለ አላወቁም። እኔ ግን አውቄያለሁ። ልጁ ደርሶ ቢያይ ምን ይላል? ሽማግሌው አታለሉን ይላል፤ በአትክልትና በአጥር ተረት አሞኙን ይላል፤ ጄሪካኑ እንደሆነ ሩቅ አይደለም። ከእናቴ እጅ ወጥቼ ከአባባ ጭን ላይ ዲዋኑን በሁለት እጄ አነሳሁና አዙሬ መለስኩላቸው። «አባባ፣ እኔ ልያዝልዎት፤ ከበደዎት» አልኩ ጮክ ብዬ። የአባባ እጅ መጽሐፉ ላይ እንደነበረ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ጣታቸው ጥጉን፣ ጀርባውን ዳሰሰ። ገባቸው። ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ፤ ዓይናቸው ግን ከጆሮዬ በላይ የሆነ ቦታ ነው ያረፈው።

ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። «ላም... ገይን... ፊደሉ እንደኛው ነው» አለ። ቋንቋውን ግን አያውቀውም። ገጹን በጣቱ ጫፍ ነካና ጣቱን ወደ ግንባሩ አስጠጋ። «ገለቶማ፣ ኦቦ» ብሎ አመሰገነና ጫማውን አደረገ። ሲወጡ አንደኛው ከተቃጠለ ጎማ ጥላሸት የጠቆረ መዳፉን በሩ ላይ አሻሸና «የህንዱ» የሚለውን አጠፋው፤ «ቤተ መጻሕፍት» የሚለውን ተወው። «ከእኛ ቀጥሎ የሚመጣው ላይጠይቃችሁ ይችላል» አለን።

ሰው ሁሉ ተበተነ። ቢፍቱን እትዬ አስካለ ብስኩት ሊሰጧት ወደ ሱቃቸው ወሰዷት። እናቴ በሩን በግንድ ደግፋ ውሃ ልትጠጣ ገባች። እኔና አባባ ከመጻሕፍቱ ጋር ቀረን።

«ተገልብጦ ነበር፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ልጁ አየው?»

«አላየም። ቀድሜው አዞርኩት።»

ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «ክረምቱ ሳይገባ ጀምሮ እየደበዘዘ መጣ። አሁን ብርሃኑን ነው እንጂ ፊደሉን አላየውም።»

«ስንኙስ? የትኛው ገጽ ላይ ነው?»

ግንባራቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

ሌላ ልጅ ብትሆን እዚህ ላይ ታለቅሳለች። ከእኔ አፍ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ቢፍቱ ታውቃለች?»

«በመጣች ማግስት ነው ያወቀችው። መጽሐፍ ሳቀብላት እጄ እጇን ሲፈልግ ሰማችው። ከዚያ ወዲህ እሷ ናት የምታስተምረኝ። የትኛው የትኛው እንደሆነ፣ ላዩ የቱ ጋ እንደሆነ በክሩ ቋጠሮ መለየት፣ ደረጃውን በእግር ማወቅ...» ፈገግ አሉ። «ጎበዝ ተማሪ አይደለሁም። እንዳንቺው እግሬን እጎትታለሁ ትለኛለች።»

ያ ሁሉ «ይሄስ?»፣ ያ ሁሉ ሳቅ ለእሳቸው ትምህርት ነበር። እኔ ላባ ይዤ እዚያው አጠገባቸው ነበርኩ።

«ለእኔ ለምን አልነገሩኝም? የልጅዎ ልጅ አይደለሁም? ዓይን ያለኝ እኔ አይደለሁም? ባነብልዎትስ?»

እጃቸው ሰሌኑ ላይ ሄዶ አንድ መጽሐፍ አገኘ፤ ሌላ አገኘ፤ አንዱን በአንዱ ላይ አደረጉት።

«አንቺማ ታዪኛለሽ፣ ልጄ» አሉ። «እሷ ፊት ስደናበር የሚያየኝ የለም።»

ቢፍቱ ብስኩቷን በእጇ ይዛ፣ በሌላ እጇ አጥሩን እየዳሰሰች ብቻዋን ስትመለስ አየኋት። የአልጋው ቦታ፣ የቀኝ በኩሉ፣ ስንኙ፣ ያን ሁሉ ቀን ያቃጠለኝ ነገር ሁሉ ከሆዴ ወጣ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከዚያ ሁሉ የባሰው እሱ ነበር፤ በዚያች ልጅ ዓይን ቀናሁ።